ወፍጮ ቤት የገባ ፊደል

የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። ጠዋት ከደጄ ወጥቼ ከጎረቤቴ ጋር ስንገናኝ፣ እንደምን አደርሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ባልሽ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ይሄ የጭላሎ ብርድ እንዴት አደረገሽ እየተባባልን፣ አንዳችን የሌላችንን መልስ ሳንሰማ እንተላለፋለን። ጀርባ ተሰጣጥተን ሃያ እርምጃ ከተራራቅን በኋላ እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታችንን አናቋርጥም። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት የማውቃት ሴት እንደምን አደርሽ ስላት «ላሜ ሞተችብኝ» አለችኝ። እኔም «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብያት አለፍኩ። ነገሩ ጆሮዬ የገባው ድልድዩ ጋ ስደርስ ነው። ደንግጬ ተመለስኩና ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷ ግን ቀድሞውንም አልሰማችኝም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አፍ የሚባለውን ነገር አላምነውም። አፍ ገበያ እንደለመደች አህያ ነው፤ መንገዱን አንዴ ካወቀ ጌታው ኖረ አልኖረ ደንታ የለውም፣ ብቻውን ደርሶ ብቻውን ይመለሳል። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች «እኔስ እንዲህ አይደለሁም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይሁንላችሁ። ግን እስቲ በየዕለቱ የምትደግሙትን ጸሎት ከመሀሉ ጀምሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ከመጀመሪያው ተነስቼ፣ ቁልቁለት እንዳገኘ ጋሪ ካልተንደረደርኩ በቀር መሀሉ የት እንዳለ አላገኘውም። አምላክ ታጋሽ ስለሆነ እዚያ እስክደርስ ይጠብቀኛል። የትምህርት ቤት ዲሬክተር ግን አይጠብቅም።

ወደ ዲሬክተሩ እንደርሳለን። ሰው ፊት ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁምና ወረቀት ሳገኝ ትንሽ ብንዛዛ አትፍረዱብኝ። ባሌ፣ የልጄ የጽጌ አባት፣ «ሚስቴ በዓመት ሁለቴ ትናገራለች፤ አንዱን ለእንቁጣጣሽ፣ አንዱን ለፋሲካ» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። ዝም የሚል ሰው ግን ሥራ ፈት አይደለም፤ ያያል። ናዝሬት ሳለሁ አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ሽማግሌዎች ተቀምጠው አገኘሁ። ደብተሬን እንደያዝኩ እጅ ነሳኋቸው። ደብተሩን ከዚያ ወዲያ አልገለጥኩትም። ከባሌ ጋር አሰላ መጣን፣ ወፍጮ ቤት ከፈትን፣ ጽጌ ተወለደች። ሞተሩ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው፤ ለማስነሳት ሦስት ጎረምሳ፣ እንዳይቆም አንድ ስለት ይፈልጋል።

ጽጌ ስድስት ዓመት ሲሞላት የኔታ ገብሩ ዘንድ አስገባናት። የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከአንድ ወይራ ሥር፣ ሠላሳ የሚሆን ልጅ ሰብስበው ፊደል ያስቆጥራሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ጉንፋን የያዘውን ልጅ በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው እሳቸው ሲንቀጠቀጡ የሚውሉ። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሳልስ የሚለውን ዜማ ሳይሰማ አያልፍም፤ ከዜማው መሀል ደግሞ የጽጌ ድምፅ እንደ ዋሽንት ተለይቶ ይወጣል። ፊደሉን ጨረሰች፣ አቡጊዳውን ጨረሰች፣ ንባብ ገባች። በሁለት ዓመት ውስጥ የአባቷ ደረት ሁለት ጣት ሰፋ።

ንባብ ለጨረሰ ልጅ ወላጅ ለመምህሩ ድግስ ያወጣል፤ ወጉ ነው። እኛም ባለፈው ሰኔ ጠላ ጠመቅን፣ ድፎ ደፋን፣ ጎረቤት ጠራን። የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ሳይቀሩ ከጮሌ መጡ። እትዬ ዘነበች ልጅ አልወለዱም። ሰፊ ግቢ፣ ብዙ ላም፣ ጭር ያለ ቤት አላቸው። ጽጌን ስጡኝ ማለት ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ፤ ለጽጌ ቀሚስ ሳይዙ መጥተው አያውቁም። ነገር ግን እሳቸው ቤት የሚገባ ልጅ ወተት ይጠግባል እንጂ ደብተር አይይዝም።

እንግዳው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ጽጌ መሀል ገብታ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። እኔ የተቆረሰ ዳቦ በሰፌድ ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። እየተወዛወዘች፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች፣ እንደ ውሃ ታወርደዋለች። ገጹ አለቀና ገለጠች። ሁለት ቅጠል ተጣብቆ አንድ ላይ ተገለጠ። ከትከሻዋ በላይ አየሁና ልቤ ቆመ። ንባቡ ግን አልቆመም። ዓይኗና ጣቷ በአዲሱ ገጽ ላይ ናቸው፤ አፏ የተዘለለው ገጽ ላይ ነው። አንዲት ቃል ሳታጎድል እስከ መጨረሻው ደረሰች።

እልልታው ቀለጠ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት፤ ዜማ በዓይን አይሰማም። የልጄ አባት እንባውን በክንዱ ጠረገ። ሰፌዱን እንደያዝኩ ቤቱን ቃኘሁ። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

እትዬ ዘነበች ጽጌን ስመው ሲያበቁ፣ «እንግዲህ ትምህርቷን ከጨረሰች ምን ቀራት? ከእኔ ጋር ትሂድ» አሉ።

ባሌ ጠላውም ደስታውም ሞቅ አድርጎታል። «የመንግሥት ትምህርት ቤት ላስገባት ነው የማስበው፣ እትዬ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ታስባለህ።»

«በይ እንግዲያው ሰው ይስማ። መስከረም ላይ ካልተቀበሏት ያንቺ ናት። ቃሌ ነው።»

የኔታም ጎረቤቱም ሰሙ። በሰው ፊት የወጣ ቃል የፈሰሰ ውሃ ነው፤ ተመልሶ አይታፈስም።

በሳምንቱ ባሌ ሊያስመዘግባት ሄደ። ዲሬክተሩ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተመደቡ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። አንደኛ ክፍል ሞልቷል አሉት። ሁለተኛ ክፍል ጥቂት ቦታ አለ፤ እዚያ የሚገባው ግን ማንበብ የሚችል ልጅ ብቻ ነው፤ መስከረም ላይ አምጣት፣ ራሴ እፈትናታለሁ አሉት። ባሌ እየሳቀ ተመለሰ። «ልጄ መጽሐፍ የጨረሰች መሆኗን አልሰሙም መሰለኝ» አለኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የእኔ አፍ ግን ያን ሰሞን የተዘጋው ንብ ሞልቶበት ነው። ብናገር የኔታን አሳፍራለሁ፣ የባሌን ደረት አጠብባለሁ፣ ለእትዬ ዘነበች ደግሞ መንገዱን እጠርጋለሁ። ብተው ልጄን ጮሌ እሸኛለሁ።

በማግስቱ ጽጌን የፊደል ገበታው ፊት አስቀመጥኳት። ከሳሙና ካርቶን ላይ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቀድጄ ገበታው ላይ አሳረፍኩና «ይቺ ማናት?» አልኳት። ጽጌ ቀዳዳዋን አየች፣ እኔን አየች።

«ጎረቤቶቿን አሳዪኝ» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ለጽጌ ፊደል ማለት ከናዝሬት አሰላ የሚመጣ አውቶቡስ ነው። ከናዝሬት ይነሳል፣ ዴራን ያልፋል፣ ኢተያን ያልፋል፣ አሰላ ይደርሳል። ኢተያ ላይ መሳፈር የለም። «ቀ»ን ለማግኘት ከ«ሀ» ተነስታ ስምንቱን ቤት እየዘፈነች ማለፍ አለባት፤ ከመንገድ ካስቆምኳት ወደ ናዝሬት ትመለሳለች። አዋቂዎች አቡጊዳን ያዘጋጁት ለዚሁ በሽታ ነበር፤ ፊደሉን አደበላልቀው ልጅ ተራውን ሳይሆን መልኩን እንዲለይ። ጽጌ ግን መድኃኒቱንም በዜማ ዋጠችው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያች ቀዳዳ ተጨቃጨቅን። እኔ ተቆጣሁ፣ እሷ አለቀሰች፤ እሷ ስታለቅስ እኔም ተደብቄ አለቀስኩ። አራት ክፍል የተማረች እናት የምታውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መደጋገም። የጽጌ በሽታ ደግሞ ራሱ መደጋገም ነበር። በእሳት የተቃጠለን በእሳት እያከምኩ እንደነበር ያወቅኩት ካርቶኑን አንስታ በቀዳዳዋ ድመቷን ማየት ስትጀምር ነው። ልክ ነበረች። ቀዳዳ ውስጥ ብቻዋን የቆመች ፊደል ለልጅ ምኗ ናት? ማንንም አትጠራ፣ ማንም አይጠራት።

ሐምሌ ገባ። በሐምሌ አሰላ ጉም ለብሳ ትነሳለች፣ ጉም ለብሳ ትተኛለች፤ ወፍጮ ቤታችን ደግሞ ከዝናብ የሸሸ ሰው ሁሉ ይሞላዋል። ጆንያና ስልቻ ግድግዳ ተደግፎ ይሰለፋል፣ ባለቤቶቹ ሞተሩ አጠገብ ይሞቃሉ። ከዚያ ጠብ ይነሳል። «የእኔ ጆንያ ከፊት ነበር።» «ማን ገፋው?» «ጆንያሽ እግር አውጥቶ ሄዷላ።» አንድ ቀን ይሄ ጭቅጭቅ ሲሰለቸኝ የሳሙናውን ካርቶን በሙሉ ቆራረጥኩት፣ በኮፒያ እርሳስ የእያንዳንዱን ባለ እህል ስም ጻፍኩ፣ በሲባጎ በየጆንያው አንገት ላይ አሰርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያደረግኩት ለጸጥታ ነው። ትምህርት በሐሳቤም አልነበረም።

ማሰሩን ለጽጌ ሰጠኋት። እኔ ስም እየጠራሁ አቀብላታለሁ፣ እሷ ታስራለች። በሦስተኛው ቀን አንዱን ካርቶን ሳልጠራላት አንስታ ወደ ፋጡማ ጆንያ ሄደች።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ይቺ እኮ ፋጡማ ናት። መጨረሻዋ ላይ አንድ እግሯ የረዘመው።»

አልዘመረችም። አልተወዛወዘችም። ከናዝሬትም አልተነሳችም። ፋጡማን፣ ገበያ መሀል ፊቷን አይታ እንደምትለያት ሁሉ፣ ካርቶን ላይ አየቻትና ለየቻት። እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ ሌላ ስም ጻፍኩ። ወፍ ስታርፍ አጠገቧ አይጨበጨብም።

በሳምንቱ ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን ይዛ መጣች። «እማዬ፣ የፋጡማ መጨረሻ የማሚቴ መጀመሪያ ሆናለች።» እዚህ ላይ የያዝኩት ቁና ከእጄ ወደቀ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልወደቀም፤ የሰው ዱቄት ነው። ግን ቁናውን አስቀምጬ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያማ ማን ያስቆማታል? የጫልቱን መጨረሻ የቱሉ መጀመሪያ ላይ አገኘችው፤ የደስታን ጭራ የታደለች ራስ ላይ አየችው። ዘመድ እንደምትቆጥር ባልቴት ማን ከማን ጋር ምን እንደሚጋራ ስታሰላ ትውላለች። ለካ ፊደል ዘመድ ሲኖራት ነው የምትታወቀው። እኔም ነገሩ ላይ ተንኮል ጨመርኩበት፤ ጨዉ ላይ ጨው፣ ማሰሮው ላይ ውሃ፣ ጓዳው ላይ በር ብዬ ለጠፍኩ። ድመቷ ላይ ለማሰር ሞክሬ ቧጭራኛለች።

ነሐሴ ላይ የኔታ ስንዴ ሊያስፈጩ መጡ። ጽጌ ከጆንያ ጆንያ እየዘለለች ስም ስትጠራ ቆመው አዩ። ጥቂት ካዩ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ፊደል በተራው ነው የሚወጣው። እንደ ድንች ካሻሽ ቦታ አይቆፈርም።»

«እሺ፣ የኔታ።»

«ይሄ መልመድ ነው። ውሻም የጌታውን ቤት ይለምዳል።»

«እሺ፣ የኔታ።»

እሺ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ሰፊ ነው፤ ብዙ ነገር ከሥሩ ይደብቃል። የኔታ ዱቄታቸውን ይዘው ሄዱ፣ እኔም የእሳቸውን ካርቶን ፈትቼ ጽጌ ከያዘችው ላይ ጨመርኩ። ግን አልዋሻችሁም፣ ነገራቸው ከነከነኝ። እውነት ጽሕፈቱን ነው የምታውቀው ወይስ ጆንያውን?

ይህን ጥያቄ የፈታችልኝ ማሚቴ ናት። ማሚቴ የሰፈራችን ወሬ በእሷ በኩል ሳይፈጭ የማያልፍ ሴት ናት። አንድ ረፋድ ሴቶቹን ሰብስባ፣ «ይቺ ልጅ የምታውቀው ጆንያውን ነው፤ የእኔ ጆንያ በቀይ ክር የተጠቀመ መሆኑን ማን የማያውቅ አለ? ቆዩ ላሳያችሁ» አለችና፣ ጽጌ ውጭ ሳለች የራሷን ካርቶን ፈትታ ፋጡማ ጆንያ ላይ፣ የፋጡማን የራሷ ላይ አሰረች። የማሚቴ ጥሩ ስንዴ ነው። የፋጡማ የድሮ ገብስ። ጽጌ ገባች፣ ተራውን አየች፣ ቀይ ክር ያለውን ጆንያ እየጎተተች ፋጡማ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ይሄ የእኔ ነው፣ የኔ ልጅ። ክሩን አላየሽም?» አለች ማሚቴ እየሳቀች።

«ፋጡማ ነው የሚለው።»

«ጆንያው የማን ነው?»

«እኔ እንጃ። ጽሑፉ ፋጡማ ነው የሚለው።»

ፋጡማ ጆንያውን ከፍታ ስንዴውን በእጇ ዝቃ አየች፣ ከዚያ መልሳ አሰረችው። «እንግዲህ ጽሑፍ ካለ ምን አደርጋለሁ» አለች። የማሚቴ ሳቅ ቆመ፤ የሌሎቹ ጀመረ። ጫልቱ ከሞተሩ ጥግ ብድግ ብላ ጽጌን ራሷን ዳበሰቻትና «ኢንተሊ ኬ ጋሪዳ» አለችኝ፤ ልጅሽ ጎበዝ ናት ማለቷ ነው። ማሚቴ ስንዴዋን ለማስመለስ ግማሽ ቀን ለመነች።

መስከረም ጠባ። የእትዬ ዘነበች በቅሎ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ ግቢያችን ታስራለች። ለጽጌ አዲስ ቀሚስ፣ ለመንገድ ድርቆሽ ይዘው መጥተዋል፤ እንደማትገባ እርግጠኛ ሆነው አይደለም፣ ዝግጁ ሆነው እንጂ። በፈተናው ቀን ባሌ የኔታን «መምህሯ ይገኙልኝ» ብሎ ይዟቸው ሄደ። እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ተከተልኩ። የዲሬክተሩ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የተከፈተ መስኮት ነበር። ዲሬክተሩ አንድ የማናውቀው ቀጭን መጽሐፍ ገልጠው ጽጌ ፊት አኖሩት።

«አንብቢ፣ ልጄ።»

ጽጌ ገጹን አየች። መስመር ከመስመር ተደራርቦ፣ ቃል ከቃል ተጠጋግቶ፣ ጆንያ የለ፣ ሲባጎ የለ። ግራ ገባት። ዞር ስትል የኔታን አየች። ትከሻዋ መወዛወዝ ሲጀምር እኔ አለቀልኝ አልኩ። አወረደችው። ያንኑ፣ በድግሱ ቀን ያወረደችውን፣ በዚያው ዜማ፣ በዚያው ዋሽንት ድምፅ። የልጄ አባት ደረቱን ነፋ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዲሬክተሩ እስክትተነፍስ ጠበቁ። «ድምፅሽ ያምራል። ግን ያልሽው እዚህ አልተጻፈም።»

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ሠላሳ ዓመት የተመላለሱበት ድልድይ ሲናድ ያዩ ይመስላሉ። ባሌ «እንዴት አልተጻፈም?» ብሎ ወደ መጽሐፉ አጎነበሰ፣ እሱም ማንበብ እንደማይችል ትዝ ሲለው ቀና አለ። ዲሬክተሩ መጽሐፉን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ የማየው እጃቸውን አልነበረም፤ ግቢያችን የታሰረችውን በቅሎ ነበር።

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ» አልኩ።

ሦስቱም ወንዶች ዞሩ። ፋሲካም እንቁጣጣሽም አልነበረም። ጠረጴዛው ጋ ሄድኩና ሁለት መዳፌን ገጹ ላይ ጋርጄ በመሀላቸው አንዲት ቃል ብቻ አስቀረሁ። «ሌላውን ተዪው፣ ጽጌ። ይቺ ጆንያ ላይ ብትሆን የማን ናት?»

ትከሻዋ ረጋ። ቃሉን አየችው።

«ላም» አለች።

መዳፌን አንሸራተትኩ። «ሣር» አለች። አንሸራተትኩ። «በላች።» ከዚያ እጄን ራሷ ገፍታ አነሳችውና ቀጣዩን መስመር በጣቷ ያዘች።

ዲሬክተሩ ግን ቁጥብ ብቻ ሳይሆኑ ተጠራጣሪም ነበሩ። «እናትየው በሹክሹክታ እየነገረቻት እንደሆነስ?» አሉ። እኔን በሩ ጋ አቆሙኝ፣ ወረቀት አወጡ፣ ትንሽ አሰቡ፣ የባሌን ዱቄት የነካው ኮት አዩ፣ ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጻፉ። ከቆምኩበት አይታይም። ጽጌ ወረቀቱን ተቀብላ አፏን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

«ዝናሽ» አለች ለራሷ። «ሆርዶፋ። ንጋቱ።»

ዲሬክተሩ ወደ ባሌ ዞሩ። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ደንበኞቼ ናቸው፣ ጌታዬ» አለ ባሌ፣ ላቡ እየወረደ። «ዝናሽ የምትባለው ሽምብራ ነው የምታስፈጨው። ለምን እንደጠራቻቸው አላወቅኩም።»

እኔ አውቄያለሁ። ከእያንዳንዱ ሰው ስም ራስ ራሱን ፊደል እየወሰደች ነበር።

«ዝ፣ ሆ፣ ን» አለች ጽጌ። «ዝሆን።» ቀጥሎ ያለውን ፊደል ሳትለቅም ባንዴ አነሳችው፤ በቀለም በራችን ላይ የተጻፈ ነው። «ወፍጮ ቤት።» ከዚያ ገመቹንና ባይሳን በለሆሳስ ጠርታ አሰናበተቻቸው። «ገባ።»

ወረቀቱን አስቀመጠች። ልታነብ የሚገባትን አንብባለች፤ ልትስቅ ወይም ልትኮራ ይገባት ነበር። እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ በራችን ይበቃዋል?»

«ምኑ?»

«ዝሆኑ።»

ዲሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ያ ቁጥብ ሰው መነጽሩን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። «በቃሉ የሚያወርድ ልጅ ስለ በር አይጨነቅም» አሉ፣ መዝገባቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። «ሰኞ ሁለተኛ ክፍል ትምጣ።»

ቤት ስንደርስ ባሌ እህቱ ፊት ቆሞ ቃሉን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። እትዬ ዘነበች ግን ከፊቱ አነበቡት። ቀሚሱን ጽጌን አለበሷት፣ በቅሎዋን እንዲጭኑላቸው አዘዙ፣ ሲወጡ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ክረምት ክረምት እንኳ ላኪልኝ። የእኔም ጆንያዎች ስም የላቸውም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ይሄኛው እሺ ከሥሩ ምንም የደበቀው ነገር አልነበረም።

ወሬው በአንድ ቀን አሰላን ዞረ። ማሚቴ እኔ ነኝ የፈተንኳት ትላለች። ባሌ ታሪኩን ለየደንበኛው ሲያወራ ዝሆኑ በየቀኑ ይጨምራል፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሆኖ ሰምቼዋለሁ። ልጄ በማን ወጣች መሰላችሁ ሲል ደረቱን ይነካል። እኔ ቁናዬን ይዤ እሰማለሁ። ባለቤቱ የታወቀ ድል ብዙ ጊዜ አይበረክትም፤ ሁሉም የእኔ ነው የሚለውን ግን ሁሉም ይጠብቀዋል።

የኔታ ብቻ ምንም አላሉም። አንድ ሳምንት ሙሉ በደጃችንም አላለፉም። አስቀይሜያቸው ይሆናል ብዬ ተጨንቄ ሳለሁ ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጥላ አረፈ። የኔታ ናቸው። ስልቻ አልያዙም። ከኋላቸው አምስት ልጆች እንደ ጫጩት ተሰልፈዋል፤ የዜማው አውራዎች፣ ከጽጌ ቀጥሎ ድምፃቸው የተመሰከረላቸው።

«ዛሬ እህል አልያዙም፣ የኔታ?» አልኳቸው።

«እህሌ እነዚህ ናቸው» አሉ፣ ልጆቹን በበትራቸው እያመለከቱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ አንገታቸው ግን ቀና ያለ። «የፈጨኋቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ከክቼ ነው የተውኳቸው።»

ከወገባቸው አጎንብሰው ካርቶን የሞላበትን ቅርጫቴን አዩ። አንዱን አነሱ። የራሳቸው ስም ነበር። ረጅም ጊዜ ይዘውት ቆዩ። ሴቶቹ፣ ማሚቴ እንኳ ሳትቀር፣ ወሬያቸውን አቁመው እኔን ያዩኛል። እኔ ያን ያህል ክብር እንዴት እንደሚቀበሉት አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። የአምስቱን ልጆች ስም በአምስት ካርቶን ላይ ጽፌ በሲባጎ በየአንገታቸው አሰርኩ፣ መጨረሻ ካለው ጆንያ አጠገብ አሰለፍኳቸው፣ ለየኔታ የተገለበጠ ቁና አቀረብኩላቸው።

«ዛሬ ሰው ብዙ ነው፤ ተራ ይጠብቃሉ፣ የኔታ» አልኳቸው።

ቁናው ላይ ተቀመጡ። ጠበቁ።